ቆፋሪውን የቀደመው ዛፍ

የጠዋቷ ፀሐይ ገና ሳትወጣ ደክሟት ነበር። አቧራው ግን ከሰው ሁሉ ቀድሞ ተነስቶ መንገዱ ላይ ይንጎራደዳል። ጉድጓድ ቆፋሪው ገመዱን ትከሻው ላይ ጠምጥሞ፣ ዶማውን እንደ ምርኩዝ እየተደገፈ ወደ ሥራው ሲሄድ፣ ከከተማዋ መግቢያ ላይ አንድ ባዶ የጭነት መኪና በፊት ጎማው ተንበርክኮ አገኘ። ሹፌሩ ከመኪናው ሥር ተጋድሞ፣ ለማን እንደሆነ የማይታወቅ ስድብ ይሳደባል።

«እሾህ ነው?» አለ ቆፋሪው ጎንበስ ብሎ።

«እሾህማ ቢሆን ነቅዬ በተገላገልኩ! ሚስማር ነው እንጂ፤ የዛፍ ሚስማር! ምን ጉድ አገር ነው፣ ዛፉ ጎማ የሚበላበት?»

«የኛ ለምለሜ ናት። ወትሮ የፍየል እግር ነበር የምትወደው፤ ያንተ ጎማ ሳይጣፍጣት አልቀረም።»

ይህን ቆፋሪ ከተማው ሁሉ ጋሽ አፍንጫ ይለዋል። አፍንጫው ትልቅ ሆኖ አይደለም፤ እንዲያውም ፊቱ ላይ ካሉት ነገሮች ሁሉ ዓይናፋሯ እሷ ነበረች። ስሙን ያተረፈው በገዛ አፉ ነው። «እኔ ውሃን ከመሬት በላይ ቆሜ አሸትተዋለሁ፤ ጨዋማውን ከጣፋጩ ለይቼ!» ይል ነበር። አንድ ጊዜ ከመጠን በላይ ቆፍሮ ከታች የሰው ሳል ሰማሁ፣ ቀጥሎም ከዓለም ወዲያኛው ወገን ያሉ ሰዎች «ኧረ ቀስ በል፣ ወለላችንን ልትበሳው ነው!» ብለው ጮኹብኝ ብሎ የማለ ሰው ነው። ይህችን ታሪክ ያልሰማ በከተማው ቢኖር ገና ያልተወለደ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን በእናቱ ሆድ ሳለ ሳይሰማት አይቀርም።

ለምለሜ የተባለችው ደግሞ ዛፍ ናት። ጋሽ አፍንጫ ጎረምሳ ሳለ፣ አቧራውን ታስቆማለች ተብላ ከባሕር ማዶ የመጣች፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ የተተከለች። ድርቁ ሁሉን ነገር ሲያከስለው እሷ ብቻ እንደ ለመለመች ስለምትቀር ይህ ስም ወጣላት። መጀመሪያ አጥር ሆነች። ቀጥሎ አጥሩን አልፋ ግጦሹን ያዘች። ከዚያ የማሳውን ዳር፣ ከዚያ ማሳውን፣ ከዚያም ሰዎቹ በጥም ጥለውት የሄዱትን ቤት። እንግዲህ ከተማዋ ዙሪያዋን በአረንጓዴ ተከብባ ከንፈሯ የሚሰነጠቅ ከተማ ሆናለች። ከሩቅ የሚያያት መንገደኛ «እንዴት የታደለች ናት!» ይላል፤ ገብቶ ውሃ ሲጠይቅ ግን ሰዉ ዓይን ዓይኑን ያየዋል።

ከጋቢናው በወዲያኛው በኩል አንዲት ሴት ወረደች። ጋሽ አፍንጫ ዓይኑን አጥብቦ አያትና ዶማውን ጣለው።

«የእህቴ ልጅ! አንቺ ነሽ ወይስ ዓይኔ ነው?»

«እኔ ነኝ አጎቴ። እንደምን ከረሙ?»

ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳሙ። ይህች የእህቱ ልጅ በትልቁ ከተማ፣ አፈር በሚመረመርበት ቤት ውስጥ የምትሠራ የተማረች ሴት ናት። ስትስመው ግን ዓይኗን ከዓይኑ አሸሸች።

«መኪና ይዘሽ መጣሽ! ምን ልታመጪልን ነው?»

«ላመጣ አይደለም አጎቴ። ልወስድ ነው።»

«ምኑን?»

«እማዬን፣ ከነዕቃዋ። አልነገረችዎትም እንዴ?»

ጋሽ አፍንጫ የጣለውን ዶማ አንስቶ ተደገፈው። እህቱ በከተማዋ የቀረች የመጨረሻዋ ዳቦ ጋጋሪ ናት። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከምድጃዋ አጠገብ ተቀምጦ ትኩስ ዳቦ በሻይ የሚበላው እሷ ቤት ነው። እሷ ከሄደች ለእሱ ከተማው ተዘጋ ማለት ነው።

«መቼ?» አለ።

«ጎማውን እዚህ የሚጠግነው የለም» ሲል ሹፌሩ ከሥር መለሰ። «ከወዲያኛው ከተማ እስኪመጣልኝ ነገ ጠዋት ይሆናል። ያኔ ጭኜ ውልቅ ነው።»

ጋሽ አፍንጫ ያቺን የለምለሜ እሾህ በሆዱ መረቃት። እስከ ነገ ጠዋት ጊዜ ሰጥታዋለችና።

ዳቦ ቤቱ ሲደርሱ ምድጃው ቀዝቅዟል። ከበሩ አጠገብ የዱቄት ማዳበሪያዎች ተጠቅልለው በሲባጎ ታስረዋል፤ የዳቦ ቅርጾቹ አንዱ በአንዱ ሆድ ውስጥ ገብተው ቆመዋል። ጋጋሪዋ የሊጥ ገበታውን በደረቅ ጨርቅ ታሸዋለች፤ የሚታጠብበት ውሃ የለማ። ወንድሟን ስታይ እጇ ቆመ።

«ልትሄጂ ነው አሉ» አለ ጋሽ አፍንጫ።

«ማን ነገረህ?»

«ልጅሽ! እሷ ናት የነገረችኝ! አንቺ ግን ዕቃሽን አስረሽ፣ እኔ ወንድምሽ እንደ ጎረቤት ከመንገድ ልስማ?»

«ወንድም ጋሼ፣ ሊጥ በምራቅ አይቦካም!» አለች ጨርቁን ወርውራ። «የቦቴው ውሃ ጨው ነው፤ ዳቦዬን ሰው እየተፋ ነው የሚበላው። እሱም ቢሆን ሲመጣ ነው። አንተ ደግሞ 'ደረስኩ፣ ደረስኩ' እያልክ ስንቱን ጉድጓድ ቆፈርክልኝ? አንዱ ውስጥ ድመቴ ወደቀች፣ ሌላው ውስጥ ጎረቤት ወደቀ። ውሃ ግን አንዱም ውስጥ አልወደቀ።»

«ጎረቤቱ ሰክሮ ነው።»

«ድመቷስ?»

ጋሽ አፍንጫ ሳቅ ሊመጣበት ነበር፤ የእህቱን ፊት ሲያይ ዋጠው። ፊቷ ላይ አቧራ የገባባቸው መስመሮች ነበሩ፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላስተዋለም።

«የአሁኑ ሌላ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ትናንት ከታች ሆኜ ሸተተኝ። እውነቴን ነው የምልሽ! እስከ ነገ ጠዋት ብቻ።»

ጋጋሪዋ ልጇን አየች፣ ቀጥሎ ባዶውን በርሜል።

«ነገ ጠዋት ከጉድጓድህ ውሃ ካየሁ፣ መኪናው ባዶውን ይመለሳል። ካላየሁ ግን ወንድም ጋሼ፣ በሩ ላይ ቆመህ እንዳትለምነኝ። ሆዴ አይችለውም።»

እንግዲህ የሰውየው ነገር ሁሉ በአንድ ጉድጓድ ላይ ወደቀ። አጎትና የእህት ልጅ ተያይዘው ወጡ። ሹፌሩም ያለ ጎማ ምን ይሠራል፣ «ጉዱን ልየው» ብሎ ተከተላቸው።

ጉድጓዱ ያለው ከለምለሜዎቹ ጫካ መሃል፣ ከሁሉ ይልቅ በለመለመው ቦታ ላይ ነው። መግቢያው እንደ ዋሻ ስለሆነ ጎንበስ ብለው ገቡ። እሾሁ የሹፌሩን ኮፍያ ከራሱ ላይ አንስቶ ቅርንጫፍ ላይ ሰቀለለት። ከዛፎቹ ሥር አንዲት የሣር ዘለላ የለችም። መሬቱ ራቁቱን ነው፤ ቢረገጥ እንደ ሸክላ ይጮኻል። ወፍ እንኳ አይሰማም።

«አጎቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?» አለች የእህቱ ልጅ። «ይህንን ቦታ ለምን መረጡት?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ዓይን የለሽም? አረንጓዴ አይደለም?»

«አረንጓዴ ነው።»

«በቃ! አሮጌው ቆፋሪ ጌታዬ ሥራውን ሲያስተምረኝ ምን አለኝ መሰለሽ፤ 'በበጋ የለመለመ ዛፍ ካየህ ከሥሩ ቆፍር።' በዚህ ሕግ ስሠራ ኖሬያለሁ። በጥንት ጊዜ አንዴ እንዲህ ካለ ዛፍ ሥር ብቆፍር ውሃው እንዲህ ፈንድቶ ከነዶማዬ አንስቶኝ ጣሪያ ላይ—»

«ይህንን ነግረውኛል፤ ሕፃን ሳለሁ። ያኔ ግን ጣሪያ ሳይሆን ደመና ላይ ነበር የተቀመጡት።»

«ደመናው በኋላ ነው» አለ ጋሽ አፍንጫ ሳያፍር።

«የጌታዎ ሕግ እውነት ነበር» አለች በአክብሮት። «በእሳቸው ዘመን የነበሩት የአገሩ ዛፎች በበጋ ቅጠላቸውን ይጥላሉ። ከእነሱ መካከል አንዱ ለምልሞ ከቆመ፣ በእርግጥም ውሃው ከእግሩ ሥር ቅርብ ነው። ለምለሜ ግን ውሃ ቅርብ ስለሆነ አይደለም የምትለመልመው። ውሃው የትም ቢሆን ሄዳ ስለምታመጣ ነው። እሷን አይቶ ውሃ አለ ማለት፣ ወፍራም ሰው አይቶ እዚህ ቤት እህል ሞልቷል እንደማለት ነው። በልቶት ቢሆንስ?»

ሹፌሩ ሳቀ። ጋሽ አፍንጫ ገላመጠውና ዝም አሰኘው።

አንባቢ እዚህ ላይ ልብ ይበል። ሰውየው ሰነፍ አልነበረም፣ ሞኝም አልነበረም። የያዘው ምልክት ለአባቶቹ ሠርቷል። ዛፉ ሲለወጥ ምልክቱም አብሮ መለወጡን የነገረው ግን አልነበረም። አንዱ ጉድጓድ ሲደርቅበት ወደሚቀጥለው አረንጓዴ፣ እሱም ሲደርቅበት ወደባሰው አረንጓዴ እየሄደ፣ ውሃ ፈላጊው ዕድሜውን ሙሉ ውሃ ጨራሹን ይከተል ነበር።

«እናንተ የተማራችሁ ሰዎች» አለ ጋሽ አፍንጫ ገመዱን እየፈታ፣ «መጀመሪያ 'ዛፍ ትከሉ' አላችሁን። ተከልን። አሁን ደግሞ 'ንቀሉ'! ነገ ምን ልትሉን ነው? ገልብጣችሁ ትከሉ?»

«እውነትዎን ነው። ስህተቱ የእኛው ነው፤ ዛፍ ሁሉ አንድ ነው ብለን።»

ይህን መልስ አልጠበቀም። የሚጣላው ሲያጣ ሌላ ፈለገ።

«ደግሞስ ከባሕር ማዶ የመጣ ሁሉ መጥፎ ነው? ያ የለበስሽው ሸሚዝ ከየት ነው የመጣው?»

«ሸሚዜ አይራባም አጎቴ። ቁም ሳጥኔ ውስጥ ባስቀምጠው ሲነጋ የእናቴን ቀሚስ ወርሶ አላገኘውም።»

«የእናትሽን ምድጃ ማን አነደደው? ለምለሜ! አንቺን ያስተማረሽ ዳቦ በማን እንጨት ተጋገረ? በለምለሜ! ነፋሱን ማን ያዘልን? ውለታ ቢስ አትሁኚ።»

«እንጨቷ ጥሩ ነው፤ አልክድም። ከሰሏም ጥሩ ነው። ቅጠሏ አፈሩ ላይ ሲረግፍ ለአፈሩ የሚሆን ምግብ ይተዋል፤ እሱንም መርምረን አይተናል። ግን ድግስ ደግሳ በሩን ትዘጋለች። ከጥላዋ ሥር ሌላ ነገር እንዲበቅል አትፈቅድም። ሣር ከሌለ ሥሩም የለም፤ ሥር ከሌለ መሬቱ ይጠጥራል። ከዚያ ያቺ በስንት ጸሎት የመጣች ዝናብ መግቢያ አጥታ አፈሩን ተሸክማ ትሄዳለች። ላይ ላዩን ጎርፍ ይወስደዋል፤ የሰረገችውን ጥቂቷን ደግሞ ለምለሜ ከታች ጠብቃ ትጠጣታለች። በበጋም በክረምትም አትጦምም። ታዲያ ለእርስዎ ባልዲ ምን ይቀራል?»

ጋሽ አፍንጫ ዞር አለ። ከጫካው ጠርዝ፣ ጦሙን ካደረው ማሳ ዳርቻ ላይ ብቻዋን የቆመች አንዲት አሮጌ ግራር ነበረች፤ ቅጠል የላትም። በዶማው ጠቆማት።

«አንቺ የምታወድሻቸው የአገር ዛፎች እነዚህ ናቸው? ያቺን ተመልከቻት! ቆማ የሞተች። ዛሬ ቆርጬ ለጉድጓዴ አፍ መደገፊያ ላደርጋት ነው።»

«ከመቁረጥዎ በፊት የሚጠጡትን ውሃ ያበድሩኝ።»

«ለምን?»

ጆጉን ከእጁ ወስዳ ወደ ግራሯ ሄደች። ከዛፏ ሥር የደረቀ ሣር ተኝቷል፤ የረገፈ ቅጠል፣ የፍየል በጠጥ፣ ጉንዳን። ጎንበስ ብላ ውሃውን አንቆረቆረችው።

«ኧረ በሕግ! የሰው ጉሮሮ ነው እኮ የምትደፊው!» ብሎ ጮኸ ጋሽ አፍንጫ። ሹፌሩም አብሮ ጮኸ፤ እሱም ጠምቶት ነበር።

ውሃው ግን አልቆየም። አፈሩ እንደ ተራበ ሰው ዋጠው። እጇን ሰድዳ ከውስጥ አንድ እፍኝ አወጣች፤ ጠቆር ያለ፣ የሚፈረፈር፣ ቀጫጭን ሥር የተጠላለፈበት አፈር። ከዚያ ተመልሳ የቀረውን ውሃ ከለምለሜ ሥር፣ ከጠጣሩ መሬት ላይ አፈሰሰችው። ውሃው ዓይን እንዳየው ሌባ ግራና ቀኝ ሮጠ፤ ተንሸራቶ የሹፌሩን ጫማ ነካና ከአቧራው ጋር ተጠቅልሎ ቀረ።

«ያቺ ግራር አልሞተችም» አለች። «ውሃ ሲያጥር ቅጠሏን ጥላ ትጦማለች። የጣለችው አፈር ይሆናል፣ አፈሩ ሣር ያበቅላል፣ ሣሩ ዝናቡን ይይዛል። እርስዎ የሚፈልጉት ውሃ በዚህ በር ነው የሚገባው፤ ሌላ በር የለውም።»

«እዚህኛው መሬት ያልጠጣው ጠግቦ ነው» አለ ጋሽ አፍንጫ አገጩን ቀና አድርጎ። «ከሥሩ ሞልቶታል ማለት ነው! አሁን ገመዱን ያዙልኝ፣ ልውረድ።»

ሰው ሲጨንቀው ምክንያት አያጣም። የእህቱ ልጅም ከዚህ በላይ አልተሟገተችውም፤ የእናቷ ገበታ በደረቅ ጨርቅ ሲታሽ እሷም አይታለችና፣ በልቧ እሱ እንዲረታት ትመኝ ነበር። ከሹፌሩ ጋር ገመዱን ይዘው አወረዱት።

ቀኑ እንዲህ ዋለ። ከታች የዶማ ድምፅ፣ ከላይ ባልዲ ሙሉ ደረቅ አፈር። ሹፌሩ በየባልዲው አፈሩን እየዳሰሰ «ከኔ ጉሮሮ ይብሳል» ይላል። ጋሽ አፍንጫ ከጥልቁ ሆኖ ወሬውን አላቋረጠም ነበር፤ ከወዲያኛው ዓለም ሰዎች ጋር የተጣላበትን፣ ከዚያም የታረቀበትን ታሪክ ይጮኻል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን ድምፁ ጠፋ። ዶማውም ዝም አለ።

«አጎቴ! ደህና ነዎት?»

ገመዱን ነቀነቀች።

«አጎቴ!»

«ደህና ነኝ» የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ። «ዝም በይ ትንሽ።»

ከታች የሆነው እንዲህ ነው። ዶማው አለት ነካ። ከአለቱ ላይ አፈሩን በእጁ ሲጠርግ፣ የጉድጓዱን ግድግዳ ተከትሎ የወረደ እንደ አውራ ጣት የወፈረ ሥር አገኘ። በፊት በፊት በየጉድጓዱ ውስጥ እንዲህ ያለ ሥር ሲያገኝ «ደረስን!» ብሎ ይፈነጥዝ ነበር፤ ሥር ባለበት ውሃ አለና። አሁን ግን ለፈንጠዝያ ጊዜ አልነበረውምና ሥሩን በጣቱ እየዳሰሰ ወዴት እንደሚሄድ ተከተለው። ሥሩ አለቱ ጋር ሲደርስ አልቆመም። አንዲት የምላጭ ስፋት ያላት ስንጥቅ አግኝቶ፣ ራሱን እንደ ወረቀት ጠፍጥፎ ገብቷል።

በዶማው ጫፍ ጫረው። ሥሩ እርጥብ ነበር። በዚያ ዱቄት በመሰለ አፈር መካከል እርጥብ የነበረው እሱ ብቻ ነው። ጋሽ አፍንጫ አንገቱን ደፍቶ አሸተተው። ትናንት የሸተተው ይህ ነበር፤ ያለጥርጥር ይህ ነበር። አፍንጫው አልዋሸውም። ውሃው አለ፤ ዛፏ ውስጥ ነው ያለው።

ከእሱ በፊት እዚህ የደረሰ ቆፋሪ ነበር። ዶማ የሌለው፣ ገመድ የማይዙለት፣ ምሳ የማይል፣ ስለ ሥራውም አንዲት ቃል ያላወራ ቆፋሪ። እሱ በዶማ የማያልፈውን አለት አልፎ ከሄደ ስንት ዘመኑ ይሆን? ያለፉት ጉድጓዶች ሁሉ በዓይኑ መጡበት። በሁሉም ውስጥ ሥር ነበረ። በሁሉም ለምለሜ ቀድማው ነበር።

ሲያወጡት ፊቱ እንደ አመድ ሆኗል። ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጠ፤ የቆረጠውን ሥር ለእህቱ ልጅ ሰጣት። እሷም «ብዬዎት ነበር» አላለችም። ይህ ከተማረችው ትምህርት ሁሉ የበለጠ ነበር።

«አለቱን አልፋ ሄዳለች» አለ።

«አዎ አጎቴ።»

«እሺ፤ አንቺ እንደምትይው ይሁን። ዛሬ ብንቆርጣት፣ ውሃው ነገ ይመለሳል?»

«ከላይ ብቻ ከቆረጧት በአንዱ ግንድ ፈንታ ብዙ ሆና ትነሳለች። ከአፈሩ ሥር ወርደው፣ እምብርቷን፣ ቅርንጫፉ የሚያቆጠቁጥበትን ቋጠሮ አግኝተው፣ ከዚያ በታች ነው መቁረጥ። እንጨቷ ለምድጃ፣ ለከሰል ይሆናል። ፍሬዋን ሳይወድቅ ለቅሞ ማስፈጨት ነው፤ ፍየል እንዲሁ ከበላው በየሄደበት ይዘራዋል። የተነቀለበት ቦታ ባዶውን ከቀረ ተመልሳ ትይዘዋለችና፣ ግራር መትከል፣ ሣር መዝራት። ዝናቡን የሚይዝ እንደ ግማሽ ጨረቃ የሆነ ጉድጓድ እየቆፈሩ ውሃው እንዲሰርግ ማድረግ ያስፈልጋል። ለዚህ ደግሞ ከእርስዎ የተሻለ ቆፋሪ የት አለ?»

«ውሃውስ?»

«አፈሩ መጀመሪያ ይድናል። ሣሩ ይቀጥላል። ውሃው ከሁሉም በኋላ ነው፤ ዓመታት ይፈጃል። ይመጣል ብዬ ልምልልዎት አልችልም። እንዲህ ከቀጠለ ግን እንደማይመጣ እምላለሁ።»

ሹፌሩ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጋሼ፣ ምክር ልስጥዎት? ነገ ጠዋት ከመኪናዬ ራዲያተር ትንሽ ውሃ ወደ ጉድጓዱ ጠብ እናድርግ። ባልዲ ጭቃ አውጥተው ለእህትዎ ያሳዩ። 'ደረስኩ' ይበሉ። ሴትየዋ ትቆያለች። ከዚያ በኋላ እግዜር ያውቃል።»

የእህቱ ልጅ ሹፌሩን ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ አጎቷን አይታ ተወችው። ጋሽ አፍንጫ እያሰበበት ነበር። ለሌላ ሰው ይህ ኃጢአት ነው፤ ለእሱ የዕለት ሥራው ነበር። አንድ ባልዲ ጭቃ ብቻ! ጠዋት ጠዋት ትኩስ ዳቦ፣ የእህቱ ንትርክ፣ ምድጃው አጠገብ ያለችው በርጩማ። ምን ጎደለበት? ሲዋሽ የኖረው ለሌላ ሳይሆን ለዚህ አልነበረም ወይ?

ጠዋት ጎማው ተጠግኖ መጣ። መኪናው ዳቦ ቤቱ በር ላይ ቆመ። ጋጋሪዋ ነጠላዋን አጣፍታ ደጃፉ ላይ ትጠብቅ ነበር። ወንድሟ ከጫካው በኩል ባልዲ ይዞ ሲመጣ ባየችው ጊዜ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ባልዲውን እግሯ ሥር አስቀመጠው። ተመለከተችው፤ ደረቅ አፈር፣ ላዩ ላይ የተቆረጠ ሥር።

«ምንድን ነው?»

«ውሃችን ነው። ይሄ ጠጥቶታል።»

«ወንድም ጋሼ፣ ዛሬ ቀልድ አልችልም።»

«ቀልድ አይደለም። ውሃ የለም። ልጅሽ እውነቷን ነው። የቆፈርኩት ሁሉ የተሳሳተ ቦታ ነበር።»

«የሚቀጥለውስ? የት ልትቆፍር ነው?»

«ሥር ለመንቀል ነው የምቆፍረው።»

«ውሃውስ መቼ ይመጣል?»

ጋሽ አፍንጫ አፉን ከፈተ። አንድ ደህና ታሪክ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ በደመና ላይ የተቀመጠ፣ ያማረ ታሪክ።

«አላውቅም» አለ። «በኔ ዕድሜ ላይደርስ ይችላል። አንቺ ሂጂ፤ ዳቦ ያለ ውሃ አይጋገርም። አልለምንሽም።»

ጋጋሪዋ ቆማ አየችው። ሳቅ ይሁን ለቅሶ የማይለይ ነገር ከደረቷ ወጣ።

«ዕድሜዬን ሙሉ እየዋሸህ አኖርከኝ» አለች። «እውነት የምትናገርበት ቀን ይሄ ብቻ ነው የተገኘው?»

አንገቱን አቅፋ ብዙ ቆየች። ከዚያ ወደ ጋቢናው ወጣች፤ ልጇም «እማዬን አድርሼ የግራር ችግኝ ይዤ እመለሳለሁ» ብላው ተከተለቻት። አቧራው መኪናውን ዋጠው።

የእህቱ ልጅ ቃሏን ጠበቀች። ሰውየውም የመጀመሪያዋን ለምለሜ ከዳቦ ቤቱ ጓሮ ነቀለ፤ እምብርቷን ፍለጋ ወገቡ እስኪንቀጠቀጥ። ሰዉ መጀመሪያ ሳቀበት። «ጋሽ አፍንጫ የዛፍ ጠላት ሆኗል፣ ጥሙ አናቱ ላይ ወጥቷል» አሉ። እሱ ግን ተረት ማውራቱን ትቶ የቆረጠውን ሥር ለሚያልፍ ለሚያገድመው ሁሉ ያሳይ ጀመር፤ ጎረቤቶቹን ያስደነገጣቸውም ይኸው ነው። ያ ሰው ማውራት ካቆመ ነገሩ የምር ነው ብለው አንድ ሁለት እያሉ ዶማ ይዘው መጡ። እንጨቱን ከሰል አደረጉት። ፍሬውን ለቅመው አስፈጩት፤ ከሌላ መኖ ጋር ተቀላቅሎ ለከብት ሆነ። ዝናቧ እንደ ልማዷ ትንሽ ሆና ስትመጣ፣ በተነቀለው ቦታ በግማሽ ጨረቃዎቹ ውስጥ ተኝታ አደረች፤ መንገዱን ሰብራ የምትሄደው ጎርፍም ቀነሰች። ከአሮጌዋ ግራር ዙሪያ የጀመረ ሣር ቀስ እያለ ወደ ማሳው ሰፋ። አፈሩ ጠቆረ፤ ጉንዳን ገባበት፤ ጉንዳኑን ተከትሎ ወፍ መጣ። ይህንን ያየ ሁሉ ለለመለመው ዛፍ ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ላለው መሬትም ዓይን ሊኖረው እንደሚገባ ተማረ።

ውሃው ግን አልመጣም። ጉድጓዶቹ እስካሁን ደረቅ ናቸው። ያልተነቀለው ጫካ ከተነቀለው ይበልጣል፤ የጋሽ አፍንጫ ወገብም ከቀን ወደ ቀን ይጎብጣል። ጠዋት ሲነሳ ሻዩን ብቻውን ይጠጣል።

አንድ ቀን ማሳው ዳር ተቀምጦ ሳለ ስልኩ ጮኸ። እህቱ ናት።

«ውሃ ወጣ?» አለች፤ ሰላምታዋ ይህ ሆኗል።

«አልወጣም።»

«ታዲያ ምን አለ?»

«ሣር አለ።»

«ደግሞ ጀመርክ!»

«እውነቴን ነው፤ ጉልበቴ ድረስ።»

«በስልክም ልትዋሸኝ ነው? እዚያ መሬት ላይ ሣር?»

ጋሽ አፍንጫ አልተከራከራትም። ስልኩን ከጆሮው አንስቶ ወደ መሬት ዝቅ አደረገው፤ ከሣሩ መካከል ያዘው። ነፋሱ ከወዲያ እየመጣ ነበር። ሲያልፍ ጠበቀና ስልኩን መለሰ።

«ሰማሽ?»

«ነፋስ ነው» አለች።

«ነፋሱማ ድሮም ነበር። የሚዳስሰው ነገር ነው ያልነበረው።»

እመጣለሁ አላለችም። ስልኩንም አልዘጋችውም። እሱም መልሶ ወደ ሣሩ ዝቅ አደረገላት።